የመምህርት ፅጌ የቀትር ምልልስ

መምህርት ፅጌ «ቱ ኤንድ ፍሮ» የሚለውን የእንግሊዝኛ አነጋገር ስታስተምር እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የእሷ ትምህርት ለእኔም ተማሪዎች ይደርሳል።

«ወዲያ ወዲህ ማለት ነው» ትላለች። «ሄዶ ለሚመለስ፣ ተመልሶ ለሚሄድ ነገር ነው። ሄዶ ለሚቀር አይሆንም። ጀልባዋ ሐይቁ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች በሉ።»

ልጆቹ ይጮኻሉ። እሷ ግን ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም። ልበ ደንዳና ናት እያልን እናማት ነበር፤ አፍ ሥራ ሲፈታ ሐሜት አያጣም።

ዘመኑ 1971 ነው፤ አዋሳ ውስጥ ሰው ጎረቤቱን የሚፈራበት። ባሏ ሙሴ የወንጌል ሰባኪ ነበርና ቤተ ክርስቲያናቸው ሲታሸግ እሱም ታሰረ። እስረኛ የሚበላው ከቤቱ ነው። ፅጌ በየቀትሩ ታቦር ኮረብታ ሥር ወዳለው ቤቷ ትሮጣለች፣ አማቷ እማማ ደስታነሽ ያዘጋጁትን ቆጮና ጎመን በምሳ ዕቃ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች፣ ምግቡ ተበልቶ ዕቃው እስኪመለስላት ትጠብቃለች።

አንድ ሐሙስ ጥበቃው አልተቀበላትም።

«ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ያን ጊዜ ይህን የሰማ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ተገድሏል ማለት ነው። ሬሳ አይሰጥም፤ ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነው። ፅጌ «እሺ» ብላ ተመለሰች፣ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ገብታ አስተማረች። «ምንም አልተሰማኝም፤ ጠመኔው ብቻ ከበደኝ» አለችኝ ኋላ።

የምትፈራው ለእማማ ደስታነሽ ነበር። የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ያላቸውም ልጅ ሙሴ ብቻ ነው። ቢሰሙ አይተርፉልኝም ብላ ምልልሱን ቀጠለች። በማግስቱም ምሳ ዕቃውን ይዛ ወጣች፤ ግን ወደ ሐይቁ ወረደች። እህል መድፋት ነውር ነውና ዛፍ ሥር ተቀምጣ የባሏን ምሳ ጠርጋ በላች። ጣዕሙን አታውቀውም።

«በላ?» ይሏታል እማማ ስትመለስ።

«በልቷል» ብላ ዕቃውን ትሰጣቸዋለች።

እኔ ሞኙ መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር «አይዞሽ፣ ይፈታል» እላት ነበር። እንዲህ ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ልታነሳ ስትል እማማ ደስታነሽ ክዳኑን በእጃቸው ያዙት።

«ተይው ልጄ። እግርሽ አለቀ።»

«እማማ፣ ይርበዋል እኮ።»

«ዕቃውን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ሙሴ ከልጅነቱ ጀምሮ ለእናቱ ሳያስተርፍ በልቶ አያውቅም። እዚያ ገብቶም እንኳ ጥጉ ላይ አንድ ጉርሻ ያስቀርልኝ ነበር። ዕቃው ተጠርጎ የመጣ ዕለት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ይሠሩ ነበር?» አለቻቸው ፅጌ።

«እኔ ካልሠራሁ አንቺ መች ትበያለሽ?»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፅጌ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ተማሪዎቿን እኔ ይዤ ዋልኩ።