ለብረቱ የተተወ ክፍተት

በዋድላዋ ኮንና በዙሪያዋ አጥብቆ የሚሠራ ሞፈር ጠራቢ ማን ነው ቢባል የከፋለ ስም ነበር የሚጠራው። እሱ ለማጥበቂያ የመታው ውሻል አይወልቅም። እሱ ያሰረው ማረሻ ድንጋይ ቢገጥመው ድንጋዩ ይነቀላል እንጂ ማረሻው አይላላም። «የላላ ነገርና የላላ ሰው አልወድም» ይላል፤ ሚስቱ መነን ደግሞ፣ ጋቢውን እንኳ ውሻል ሳይመታበት አያድርም እያለች ታሾፍበታለች።

ድርቁ መጣና የአገሩን በሬ ጨረሰው። በሬ ከሌለ ሞፈር ለምን ይሆናል? በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ቆላ ካለ ከተወረሰ እርሻ የመጣ፣ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ትራክተር ለኮን አምራቾች ማኅበር ተሰጠ። እጁ ብልህ ነው ተብሎ መንዳቱን እንዲማር የተላከው ከፋለ ሆነ። ተምሮ መጣና በሬ ያለቀባቸውን በየተራ ያርስላቸው ጀመር። ተራው ጥሩነሽ ዘንድ ሲደርስ ግን የትራክተሩ የኋላ ግራ ጎማ ማጉረምረም አመጣ። ጥሩነሽ ባሏንም በሬዎቿንም በአንድ ዓመት ያጣች ሴት ናት። ለዘር የተሰጣትን ስንዴ አልበላም ብላ ከልጆቿ ጋር ጦሟን ያደረች ናት። ሰኔ እየተገባደደ ነው፤ አሁን ካልተዘራ ዘንድሮም ባዶ ነው።

ከፋለ ጎማውን ነቀነቀው፤ ይወዛወዛል። እፎይ አለ። የላላ ነገር ማጥበቅማ የእጁ ሥራ አይደል? ጎማውን በክሪክ አነሣና ፈታ። ውስጡ የጎማውን ዘንግ፣ አክስሉን፣ አቅፎ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ኩሽኔታ አለ፤ ከመክደኛው ሥር ስስ የብረት ቀለበቶች ተነባብረዋል። ቀለበት በተቀነሰ ቁጥር መክደኛው እየተጠጋ አክስሉን ይጫነዋል። ቀነሰ፤ አሁንም ቀነሰ። ንቅንቅ የሚባል ነገር ሲጠፋ ቡሎኖቹን ጠፍሮ አሰራቸው።

የጥሩነሽን ማሳ ሳያጋምስ ከጎማው መሐል ጭስ ወጣ። ውኃ ሲደፉበት ከፍም እንደወጣ ማረሻ ተንሿሿ።

«ከፋለ፣ የኔን በሬዎች ድርቅ ገደለ» አለችው ጥሩነሽ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «የመንግሥትን በሬ ደግሞ አንተ?»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ትራክተሩ ቶሎ ካልተነሣ ወደ መጣበት ይመለሳል ብሎ ቁርጡን ነገረው። ከፋለም የእርዳታ እህል ጭኖ በመጣ መኪና ወልድያ ወርዶ፣ አያ ሸዕባን የተባሉ ሽማግሌ መካኒክ ለምኖ ይዞ ወጣ።

አያ ሸዕባን ጨዋታ ሳይቀድም ሥራ አይጀምሩም። የማን ልጅ ነህ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ሰዉስ አገገመ ወይ ሲሉ ቆይተው ነው ቁልፍ ያነሡት። ኩሽኔታውን አውጥተው በናፍጣ አጠቡና እያንዳንዷን ድቡልቡል ብረት በጥፍራቸው ዳሰሱ።

«አላህ ወዶሃል። ተለብልቧል እንጂ አልሞተም» አሉ። «ያወጣሃቸውን ቀለበቶች ወዲህ በል።»

ከኪሱ አወጣላቸው። መክደኛውን ገጥመው፣ አንዲት ሰዓት የመሰለች መለኪያ ከአክስሉ ጫፍ አስደገፉ። ከፋለን አክስሉን በዲጂኖ ወደ ውስጥ እንዲገፋ፣ ከዚያ እንዲስብ አዘዙት። መርፌዋ አልንቀሳቀስ አለች። ቡሎኑን ፈትተው ቀለበት ጨመሩ፣ አሰሩ፤ ግፋ፣ ሳብ። እንደገና ፈቱ፣ ጨመሩ። በመጨረሻ መርፌዋ ትንሽ ተርገበገበች።

«አየኸው?»

«ምኑን፣ አያ?»

«ክፍተቱን።»

ከፋለ ተጎንብሶ አክስሉን አፈጠጠበት። በዓይን የሚታይ ነገር የለም።

«አታየውም፣ ከፀጉር አይበልጥም» አሉ አያ ሸዕባን። «ብረት ሲሮጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ያብጣል። የሚያብጥበት ቦታ ከነሣኸው ራሱን ይበላል። ከመጠን በላይ ከለቀቅህለትም ይወላገዳል።»

ከፋለ ቀንበር ሲሠራ ማነቆውን ከበሬው ጉሮሮ ጋር አጣብቆ አያውቅም፤ ጣቱ የሚያልፍበት ቦታ ሁልጊዜ ይተዋል፣ አለዚያ በሬው ታንቆ ይወድቃል። ማረሻን ሲያጠብቅ የኖረ እጁ ትራክተሩን እንደ ማረሻ ቆጠረው እንጂ በሬነቱን አላሰበም።

«ለበሬ የማልነፍገውን ለዚህ ነፈግሁት» አለ።

አያ ሸዕባን ሳቁ። «ብረት አይተነፍስም፣ ልጄ። አንተ ግን እንደሚተነፍስ አድርገህ እሰረው።»

ጎማው ከገባ በኋላ ገና በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ በአንድ ጣትህ ንካው አሉት። ነካው። ያ ሰው የሚያህል ጎማ ያለ ድምፅ ዞረ። ጣቱን ካነሣ በኋላም ዞረ። ሊያይ የተሰበሰበው ሰው ጠጋ ጠጋ አለ። ይህ ሁሉ ክብደት በማይታይ ባዶ ቦታ ላይ መቆሙን ሲያስብ ከፋለ ሳያውቀው ቆቡን አውልቆ ያዘ።

ከሰዓት በኋላ የጥሩነሽ ማሳ ላይ ገባ። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ከኋላው እየተገለበጠ ወጣ። ጥሩነሽ ታርሶ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ ስንዴዋን በነጠላዋ ታቅፋ ገና በሚጨሰው ትልም ላይ እየበተነች ተከተለችው። ማሳው ዳር ሲደርስ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። በዋድላ ትልሙ እንደ ክር የሚቀናው ከፋለ ያረሰው እንደ እባብ ተጣሞ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ፊት አላየም፤ አንገቱን አዙሮ ጎማውን ሲያይ ነው የዋለው።

«ተወው፣ ይጣመም» አለች ጥሩነሽ፣ ዘሯን እየበተነች። «ስንዴ ጠማማ ትልም ላይ አልበቅልም አይልም።»