ለድንኳንም ለማሽንም አንድ ጄነሬተር

ሰሞኑን ስልኬ አላስቀምጥ ብሎኛል። ጠዋት ስከፍተው «አዲሱን ሥርዓት ልጫን?» ይላል፤ ቆይ እለዋለሁ፣ ማታ መልሶ ይጠይቃል። የምኖረው ጎሮ፣ ልጄ መሠረት ቤት ነው። የሠፈሩ መብራት እንደ ሕፃን ነው፣ ሳይታሰብ ያንቀላፋል። መሠረት ትስቅብኛለች። «አባዬ፣ ዝም ብለህ ተጫነው። ምን ትፈራለህ?» ትለኛለች። የምፈራው አንድ የነሐሴ እሑድ ነው፤ ይህን ደግሞ ቆሞ መናገር አይመችም።

ያኔ ሠላሳን ገና መዝለሌ ነበር። ከአትላስ ወረድ ብሎ ባለ ጭቃማ መንገድ ላይ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የስልጤ ሴት የኢንተርኔት ቤት ከፍተው፣ እኔ በር እጠብቅ ነበር፤ መብራት ሲጠፋም ጄነሬተር አስነሣለሁ። ኮምፒውተሮቹን የሚያውቀው ታምራት ነው። ከወለጋ የመጣ፣ እሑድ ጠዋት ቸርች የማይቀር፣ ቀጭን ቀልደኛ ልጅ።

ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር አንድ ማሽን ነበር። ሌሎቹ ሁሉ የሚጠቡት ከእሱ ነው፤ በኢንተርኔት የሚመጣው የደንበኛ ደብዳቤም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱ እናቶች ከሾላ ገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን በር ላይ አስቀምጠው ይገባሉ፣ ታምራት ያነብላቸዋል። ቃሉ አማርኛ ነው፣ ፊደሉ ግን የፈረንጅ። እትዬ ዘይነባም ከእነሱ አንዷ ነበሩ። ልጃቸው ፈቲያ ሪያድ አሠሪ ከቀየረች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ የቀሩላቸው የድሮ ደብዳቤዎቿ ብቻ ነበሩ። ታምራት በወረቀት ላትምልዎት ቢላቸው «ወረቀት ይረጥባል፣ እዚያው ይሻላል» ብለው እንቢ አሉ።

የማሽኑ ሥርዓት ዩኒክስ ከሚባለው ዘር ነው። ታምራት እንደነገረኝ ቀዳዳ ተገኝቶበታል፤ የትም አገር ያለ ሌባ በዚያ ሾልኮ ሊገባ ይችላል። መታደስ አለበት። እድሳቱ ደግሞ ያለቀለት ዕቃ ገዝቶ እንደማስገባት አይደለም። ሥርዓቱ የተጻፈበት ጽሑፍ በሲዲ ይመጣል፤ ማሽኑ ራሱ እያነበበ አዲሱን ቁራጭ በቁራጭ ይሠራና ሲጨርስ በአሮጌው ቦታ ይተክለዋል።

«ሲሠራ መብራት ቢጠፋ ግድ የለም፣ እንደገና ይጀምራል» አለኝ። «ሲተክል ከጠፋ ግን ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ይሆናል። ያኔ አልነሣም ይልሃል።»

በዚያ ሳምንት ማሽኑን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ። ያም አልበቃው ብሎ ቅጂውን ጥግ ላይ በወደቀ አሮጌ ኮምፒውተር ዘርግቶ፣ ይነሣል አይነሣም እያለ ይሞክራል።

«ገልብጠኸው የለ? ምን ያደክምሃል?» አልኩት።

«ደሴ፣ ያልተከፈተ ቅጂ ያልተቀመሰ ወጥ ነው። ጨው እንደሌለው የሚታወቀው እንግዳ ፊት ነው።»

እሑድ ከቸርች መልስ ጀመረ። ቤቱ ዝግ ነው፤ አዲስ ደብዳቤ እንዳይገባ የስልኩን መስመር ነቅሏል። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። እኔ በረንዳው ላይ በቆሎ እየጠበስኩ ጆሮዬ ጓዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ሠፈሩ በሙሉ መብራት ሄደበት። ባትሪያችን ካረጀ ቆይቷል፣ ጄነሬተሩን አስነሣሁ። ሰኞ ጠዋት ቤቱ መከፈት ስላለበት መጠበቅ አልተቻለም። ማሽኑ መሥራቱን ጨረሰ፤ እምብርት የሚሉትን የሥርዓቱን ዋና ክፍል ተክሎ በደህና ተነሣ። የቀረውን ሊተክል እንደጀመረ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ በቀለ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

ከኋላችን ባለው ግቢ አንድ ሽማግሌ ዐርፈው፣ ቀብራቸው በዚያው ዕለት ነበር። በሠፈራችን ድንኳን ሲጣል ጄነሬተር ያለው ያወጣል። አይለመንም።

«በል ደሴ፣ አንሣው። ለቀስተኛው ጨለማ ውስጥ ሊቀመጥ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ መሐል ላይ ነው።»

«ማሽን ይቆይልሃል። ሐዘን ይቆያል?»

እንቢ አይባልም፤ እኔም ስሞት የሚጣለው ያው ድንኳን ነው። ጄነሬተሩን ሳልነካ ረጅም ገመድ በአጥሩ ላይ ዘረጋሁላቸው። ከአምፖል በቀር ምንም እንዳይሰካ አደራ አልኳቸው። «እኔ እያለሁ?» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የበቆሎው ጣዕም ጠፋኝ። የጄነሬተሩ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ቀና ብዬ አዳምጣለሁ።

«እየጸለይክ ነው እንዴ?» አለኝ ታምራት ከጓዳ።

«አንተስ?»

«እኔ ጠዋት ጨርሻለሁ።»

ሳቃችን ሳያልቅ ጄነሬተሩ አንዴ አቃስቶ ጸጥ አለ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ተሰማ። ታምራት ጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ «እየተከለ ነበር» አለ።

ወዲያው እትዬ ዘይነባ ከለቅሶው ድንኳን ሻርፓቸው እንደራሰ ገቡ።

«አምፖሉም ጠፋ፣ ምድጃዬም ጠፋ። ምን ሆናችሁ?»

«የምን ምድጃ?» አልኳቸው።

«የኤሌክትሪኩ ነዋ። ሰዉ በርዶታል፣ ሻይ ላፈላለት ብዬ። የራሴ ጄነሬተር አይደል?»

ታምራት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅሁም። እሳቸው ግን እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሥር አዩ።

«ፈቲያስ?» አሉ።

ምድጃውን ነቅዬ ጄነሬተሩን አስነሣሁ። ማሽኑ ግን አልነሣም አለ፤ የማይነበብ ነገር ደርድሮ ቆመ። «ወደ ድሮው እንመልሰዋለን» አለ ታምራት፣ የቅጂውን ዲስክ እየሰካ። እትዬ ዘይነባ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ድንኳኑን ረሱት። ቅጂው እንደሚነሣ አውቀናል፣ ተሞክሯል። ቢሆንም የጭንቅ ጊዜ ማወቅ ብቻውን ልብ አያሳርፍም። ማሽኑ ሲገለብጥ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንድ ዓይኔን ገመዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔን እሳቸው ላይ አድርጌ ቆየሁ።

በመጨረሻ አሮጌው ሥርዓት እንደ ወትሮው ተነሣ። ታምራት ሳይጠየቅ የፈቲያን የመጨረሻ ደብዳቤ ከፍቶ አነበበ። «እማ፣ ደህና ነኝ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ። ቆጮ ግን አማረኝ።»

«ቃሉ አልተለወጠም?» አሉ።

«አንድም አልተለወጠም።»

ዓይናቸውን በሻርፑ ጠርገው ተነሡ። «እንግዲህ ሻዩን በከሰል አፈላለሁ» ብለው ወደ ድንኳኑ ወጡ።

ሰኞ እናቶቹ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ደብዳቤያቸውን ሰምተው ሄዱ። የሆነውን ያወቀ የለም። እድሳቱ ዝናቡ ካባራ በኋላ በሌላ እሑድ ተደገመ፤ ያን ቀን እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ጄነሬተሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ፈቲያም ከመስቀል በኋላ ጻፈች።

ትናንት መሠረት እንደገና መጣችብኝ። «አባዬ፣ ገና አልጫንከውም? ስልክህ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ እኔ ስልክ ገልብጬልሃለሁ እኮ።»

«ከፍተሽ አሰሚኛ» አልኳት።

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ከራሷ ስልክ ላይ ፈልጋ ከፈተችው። የእናቷ ድምፅ ነው፤ ከማረፏ በፊት የላከችልኝ፣ ይህን ያህል ቁም ነገር የሌለው። «ስትመለስ ዳቦ እንዳትረሳ» ትላለች።

መብራቱ መኖሩን አየሁና ተጫንኩት።