በቀሪቦ ሞቅ ያለው ዳኛ

ዛሬ ወልድያ ውስጥ፣ የሰፈሬ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ የማያሰክረውን ቀሪቦ ጠጥቼ «ሞቅ አለኝ» አልኩ።

ጦርነቱ መንገድ ዘግቶ ጌሾ ስለጠፋ፣ ሴቶቹ ጠላውን ከጎረቤታችን ከመርሳ ከተማ በሚመጣ ማንጎና በቅመም መጥመቅ ጀምረዋል። ጠላ በማንጎ! የተረፈችውን ጥቂት ጌሾ ለአሸናፊዋ እንድሰጥ ዳኛ አደረጉኝ፤ የማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አቀመሱኝ።

ማንጎውን «ይሄ የሕፃን ጭማቂ ነው!» ብዬ መለስኩ። ቅርንፉድ የሚሸተውን ግን ጨለጥኩት። «ጠላ ማለት ይሄ ነው፤ ሞቅ አለኝ!»

ጎረቤታችን ዘይነባ በሳቅ ፈረሰች። «ወላሂ ጋሼ፣ የኔ ቀሪቦ ነው! ገብስና ስኳር ነው ያሰከረዎት!»

ጌሾውን ተቀብላ ለባለቤቴ ሰጠቻት። «ቀሪቦ ጌሾ አይፈልግም። ማንጎው የሷ ነው፤ እሷ ትጥመቅበት።»

የዛሬ እራቴ ነገር አጠራጣሪ ነው። በቀሪቦ የሰከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ለባለቤቴ የማሳያት ሰው ቸግሮኛል።