አባ ቧንቧ ስለ ዳይኖሰር አፍንጫ ያለው አስተያየት

አባ ቧንቧ በዚህ ዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ወይ ቧንቧ ነው ወይ ፍሳሽ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። መንገድ ለእሱ ቧንቧ ነው፤ የመኪና መጨናነቅ ደግሞ የተደፈነ ቧንቧ። ጉንፋን ሲይዘው ሐኪም ቤት አይሄድም፤ «ጉሚኒዋ፣ የቧንቧዋ ላስቲክ፣ አልቃ ነው» ብሎ አፍንጫውን ይጠርግና ሥራውን ይቀጥላል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የደመወዝ ክፍሏ ጸሐፊ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አንዳንዴ ይጠፋባቸዋል።

ሚስቱንም ያገኛት በቧንቧ ነው። ገና ለማጅ ሳለ የአባቷን የወጥ ቤት ቧንቧ እንዲሠራ ተጠራ፤ ሠራ። በሳምንቱ ያው ቧንቧ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ተመልሶ ሠራው። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና። በአምስተኛው ጊዜ አማቱ ሊሆኑ የተጻፈላቸው ሰውዬ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ ወይ ሙያህን ቀይር፣ ወይ ልጄን አግባና እዚሁ ተቀምጠህ ጠብቀው አሉት። ከሠርጉ በኋላ ያ ቧንቧ ለሠላሳ ዓመት አንዲት ጠብታ አልጣለም። ሚስቱ ሆን ብሎ ነው ትላለች። እሱ የቧንቧው ጥራት ነው ይላል።

የሚሠራው የጥንት አጥንት በሚታይበት ሙዚየም ሲሆን ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ክፍሉ ምድር ቤት ከውሃ መግፊያው ፓምፕ አጠገብ ነው፤ መደርደሪያው ላይ መፍቻዎች፣ የቴፍሎን ጥቅልሎችና በብስኩት ቆርቆሮ የተጠራቀሙ ጉሚኒዎች አሉ። ሕንፃው ሦስት ፎቅ አለው። ውሃው ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ውሃ በአብዛኛው የሚታየው በሥዕል ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አባ ቧንቧ አጥንቶቹን ልብ ብሎ አይቷቸው አያውቅም፤ አጥንት አያፈስም።

ነገሩ የተለወጠው ልጁ እዚያው ሙዚየም ተወዳድራ በአስጎብኚነት የተቀጠረች ጊዜ ነው። የሙከራ ጊዜዋ ስድስት ወር ነበር። በዘመድ ገባች እንዳትባል የማን ልጅ መሆኗን ለማንም አልተናገረችም። ከሥራ መልስ ሳሎን መካከል ቆማ ስትለማመድ አባትና እናት ሶፋው ላይ ጎብኚ ሆነው ይቀመጣሉ። የቤተሰቡ ሰላም መናጋት የጀመረው ያኔ ነው።

ቲሬክስ የሚሉት ሥጋ በል አውሬና ጀርባው ላይ ሳንቃ የደረደረው ስቴጎሳውረስ በዓይን ተያይተው አያውቁም አለቻቸው፤ ቲሬክስ ለእሱ ከሚቀርበው ይልቅ በዘመን ለእኛ ይቀርባል። እናትየው፣ ታዲያ በሥዕል ላይ ሲናከሱ ያሳዩን እነማን ናቸው ብላ ተናደደች፤ ዕድሜ ልኳን እንደተታለለች ቆጠረችው። ዶሮ የዳይኖሰር ዘር ናት ስትባል ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ በጎሪጥ አየችው። የአብዛኞቹ ቀለም ምን እንደነበር አይታወቅም፤ ሠዓሊው ደስ ባለው ይቀባል። ቲሬክስ በእነዚያ ሚጢጢ እጆቹ ምን ይሠራባቸው እንደነበር ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ድምፃቸውንም የሰማ የለም።

አባ ቧንቧን እንቅልፍ የነሡት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የባለ ረጅም አንገቱ ጉዳይ ነው። ልብ ደረት ውስጥ፣ ራስ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤ ደሙ እንዴት ብሎ ይወጣል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሃያ ስድስት ዓመት ቁስል ላለበት ሰው መንገር ትልቅ ስሕተት ነበር። በልጁ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ጎብኚዎች ከብበዋት ስታስረዳ፣ አባ ቧንቧ መሰላሉን ተሸክሞ ሲያልፍ አላስችል አለውና ቆሞ፣ አንድ ፓምፕ ብቻውን ያንን ከፍታ አይችልም፣ አንገቱ መካከል ላይ ሁለተኛ ፓምፕ ነበረው ብሎ ለሕዝቡ አስረዳ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡለት። ዳይሬክተሩ ፊቱን አጥቁሮ መጣና ልጅቷን ጠየቃት።

«ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አለች። «ቧንቧ ሠራተኛው መሰለኝ።»

አባ ቧንቧ መሰላሉን ይዞ ወረደ። ምንም አልመሰለኝም ይላል፤ ውሸቱን ነው። ልጅቷም እራት ላይ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ሆኖም ውል አስፈረመችው፤ ሙከራዋ እስኪያልቅ ድረስ ስታስጎበኝ ወደ አዳራሽ አይወጣም፣ ቢወጣም አይናገርም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ሚጢጢዬ» ብሎ አይጠራትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ድሮ አንዳንድ ሐኪሞች ያ አንገተ ረጅም ከአንድ በላይ ልብ ሳይኖረው አይቀርም ብለው ጽፈው እንደነበር ከመጽሐፍ ላይ አገኘች። ለአባቷ ግን አልነገረችውም። ቢሰማ ኖሮ የሚይዘው አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ቱቦው ነው። ፓራሳውሮሎፈስ የሚባል አንድ ቅጠል በል አለ፤ ስሙን ለመጥራት አንድ ጊዜ መተንፈስ ያስፈልጋል። ከራሱ ላይ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ረጅም የአጥንት ዘንግ አለው፤ ውስጡ ባዶ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ በዚያ ዘንግ ውስጥ እስከ ጫፉ ይሄድና እዚያ ታጥፎ ይመለሳል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የራስ ቅሉን ለሁለት ሰንጥቆ የሚያሳይ ቅርጽ ቆሟል። አባ ቧንቧ ጎብኚ በሌለበት ሰዓት ሄዶ አየው፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አየው። ከዚያ ቤቱ ገብቶ፣ ከእጅ መታጠቢያ ሥር የሚገባውን ያንን የታጠፈ ቧንቧ፣ ሲፎኑን፣ ምሳ ጠረጴዛው ላይ ከሳህኑ አጠገብ አቆመው።

«ሽታ መመለሻ ነው» አለ።

ሚስቱ የምን ሽታ ብላ ጠየቀች። አባ ቧንቧ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር። አውሬው ቅጠል በል ነው፤ ሆዱ ውስጥ ስንት ኩንታል ቅጠል ሲፈላ እንደሚውል አስቢው አላት። መታጠፊያው ላይ ትንሽ ውሃ ካልተቋጠረ፣ ሽታው ዞሮ አፍንጫው ላይ ይመጣበታል፤ እንኳን እሱ፣ መንጋው በሙሉ አያድርም። ሚስቱ አሳማኝ ሆኖ አገኘችው። ልጅቷ ግን ሹካዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ አራት ዓመት የተማርኩት ለዚህ አይደለም።»

እንዲህ እንዲህ እያለ የፈተናዋ ቀን ደረሰ። ዳይሬክተሩ፣ የሙዚየሙን አጥንቶች የምታጠናው የአጥንት ዶክተርና ከቦርዱ የመጡ አንዲት ሴትዮ ባሉበት ሦስተኛውን ፎቅ ታስጎበኛለች፤ ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፣ ከወደቀች በዚያው ወደ ቤቷ። አባ ቧንቧ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ዛሬ ከምድር ቤት ንቅንቅ አልልም ብሎ ማለላት፤ የሚለውንም ያደርግ ነበር፣ ሲፎኑ ባይደርቅ ኖሮ።

የሆነው እንዲህ ነው። በዚያ አዳራሽ ጥግ ላይ አጥንት ጠራጊዎቹ የሚታጠቡባት የእጅ መታጠቢያ አለች። ሁለት ሳምንት ውሃ ስላልደረሳት ከሥሯ ያለው ሲፎን የቋጠረው ውሃ ደረቀ፤ ውሃው ሲደርቅ የፍሳሽ ሽታ የሚያግደው አጣ። ልጅቷ ወደ ባለ ቱቦው ስትጠጋ ሽታውም ወደ ቦርዱ ሴትዮ ተጠጋ። ሴትዮዋ መሐረባቸውን አወጡ። ዳይሬክተሩ የአጥንት ዶክተሯን አየ፣ የአጥንት ዶክተሯ ዳይሬክተሩን አየች፤ በመጨረሻ ቧንቧ ሠራተኛው በአስቸኳይ ይጠራ ተባለ።

አባ ቧንቧ አንድ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ገባ። በዓይኑም ወደ ልጁ አላየም። ዳይሬክተሩ ምንድን ነው የሚሸተው ሲለው በጣቱ ወደ መታጠቢያዋ ሥር ጠቆመ። ለምን ሲለው ጉሮሮው የደረቀ ሰው መስሎ አሳየ። ዳይሬክተሩ ምላሱ ተያዘ እንዴ ብሎ ደነገጠ። አባ ቧንቧ ተንበርክኮ ሲፎኑን ፈታ፤ መጀመሪያ ተሰንጥቆ እንደሆነ ለማየት ከጀሪካኑ ጥቂት ውሃ ጨመረበት፤ ከዚያ ቆሞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ማየት ጀመረ።

ልጅቷ ቀጠለች። ስለ ቱቦው ብዙ ግምት አለ አለች። ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚተነፍስበት ነው ያሉ ነበሩ፤ ጫፉ ድፍን ስለሆነ ያ ቀረ። ሽታ ለማነፍነፍ ነው ያሉ አሉ፤ ራሱን ለማቀዝቀዝም ያሉ አሉ። ዛሬ ብዙዎቹ የሚስማሙት እንደ መለከት ይነፋበት ነበር በሚለው ነው።

«እንዴት ያለ ድምፅ ነበር ታዲያ?» አሉ የቦርዱ ሴትዮ ከመሐረባቸው ሥር።

በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ የለም ማለትም ይበቃ ነበር። ግን ልጅቷ ስድስት ወር ያጠናችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብን ብሎ ጠፋባት። አባ ቧንቧ የልጁ ጆሮ ሲቀላ አየ። አራት ዓመት ሆኗት በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ግጥም የጠፋባት ዕለትም እንዲሁ ነበር የቀላው። ላለመናገር ቃል ገብቷል፤ እንዳይነፋ ግን ማንም አላስማለውም። ሲፎኑን አፉ ላይ ደቀነና ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋው።

ቡ... ብሎ የወጣው ድምፅ መስታወቶቹን አንዘረዘረ። ሲፎኑ ውስጥ የቀረው ዝቃጭም ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ክራባት ላይ አረፈ። ከዚያ ዳይሬክተሩ፣ ክራባቱን በሁለት ጣት እንደያዘ፣ ያንኑ የመጀመሪያ ሳምንት ጥያቄ ጠየቀ።

«ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። ከንፈሩ ዙሪያ ጥቁር ክብ ተስሏል።

«አባቴ ነው» አለች። ከዚያ ሄዳ ሲፎኑን ከእጁ ወሰደችና ከተሰነጠቀው የራስ ቅል ጎን ያዘችው፤ መታጠፊያው ከመታጠፊያው ልክ ነው። «ሌላም ግምት አለ፤ የእሱ ነው። የአውሬው ሆድ ሽታ ወደ አፍንጫው እንዳይመለስ ነው ይላል። እስካሁን የተቀበለው የለም።»

የቦርዱ ሴትዮ ሳቃቸው መጣ፤ መሐረቡ ከአፍንጫ ወደ ዓይን ተዛወረ። ሳቅ የማታውቀው የአጥንት ዶክተሯ ግን ጎንበስ ብላ ሁለቱን አስተያየች። ቱቦውን እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያስረዳ ነገር አላየሁም፣ እኔ ዘጠኝ ገጽ ጽፌ አልሆነልኝም አለች። ግምቱ ግን ስሕተት ነው፤ ሲፎን ውሃ ይቋጥራል፣ እዚህ ቱቦ ውስጥ ውሃ ስለመኖሩ አንድም ምልክት የለም አለች።

አባ ቧንቧ ልጁን አየ። ልጁ ተናገር ብላ ራሷን ነቀነቀችለት።

«ሰባ አምስት ሚሊዮን ዓመት እኮ ነው ዶክተር» አለ በትሕትና። «ይሄ በሁለት ሳምንት ደርቋል።»

የአጥንት ዶክተሯ አሁንም እያሰበችበት ነው ይባላል።

ልጅቷ ቋሚ ሆነች። ዳይሬክተሩ ሌላ ክራባት አሠረ። ያ ሲፎን ታጥቦ ከራስ ቅሉ ጎን በመስታወት ውስጥ ተቀመጠ፤ የቱቦውን አካሄድ ለማስረዳት ነው ይላል ጽሑፉ፣ ለሌላ እንዳይመስላችሁ። አባ ቧንቧ በየጠዋቱ እየወጣ ያየዋል፤ ዘንበል ብሏል ብሎ ያማርራል።

በፈተናው ማግስት ግን፣ ሙዚየሙ በጎብኚ ሞልቶ ሳለ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ አንድ ድምፅ እስከ ምድር ቤት ተንቆረቆረ።

«አባዬ! ውሃ የለም!»

ጸሐፊዋ ሰማች፣ ዘበኛው ሰማ፣ ዳይሬክተሩም ሰማ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አባ ቧንቧን ውሃ የለም መባል እንዲህ ደስ አሰኝቶት አያውቅም። አባ ቧንቧ መፍቻውን አነሣ፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠውና ፓምፑ አጠገብ ዝም ብሎ ቆመ። ደግማ እንድትጠራው ነው።