ጨው የነካው ቆዳ

ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ካፌ ተቀምጦ፣ ዝናቡን በመስኮት እያየ፣ «ክረምት እንዴት ደስ ይላል» የሚል ሰው ስሰማ ንድድ ይለኛል። መጥቶ የእኛን በረት አንድ ቀን ብቻ ቢጠርግልኝ ያን ጊዜ እንነጋገር ነበር።

ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነው። አባቴ ፈረስ ያረቡ ነበር፤ ከአያቴ የወረሱት ሥራ ነው። ድሮ ባለ ጋሪው ሁሉ፣ ከሐሙሲት ሳይቀር እየመጣ፣ ደጃችንን ይጠና ነበር። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ግን የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄደ። አባቴ ግትር ናቸውና አልተዉትም። በመጨረሻ የቀሩን ሁለት እናት ፈረሶችና እነሱን የሚያስረግዝ አንድ ድንጉላ ነበሩ። እናቶቹን በመልካቸው፣ አንደኛዋን ዳማዋ፣ ሌላይቱን ቡላዋ እንላቸዋለን።

ክረምት ሲገባ ሐይቁ ሞልቶ የግጦሹን ሜዳ ይውጠዋል። ፈረሶቹ በረት ውስጥ ይውላሉ፣ እኛም አብረናቸው እንውላለን። ጠዋት ፋንድያ መዛቅ ነው። ከዚያ ሣር ማጨድና ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ማራገፍ፤ እርጥቡን ከበሉ ሆዳቸው ይነፋል። ከዚያ ደግሞ ሰኮናቸውን እያነሡ ጭቃውን በእንጨት መፋቅ ነው። ቡላዋ እግሯ ሲነሣ ገላዋን በሙሉ ሰው ላይ መጣል ትወዳለች፤ ከሷ ጋር ስንት ክረምት ተሰዳድበናል። ለዝንቡ ብለን በሩ ላይ ደረቅ ፋንድያ እናጨሳለን። እኔ በማግሥቱ ፔዳ ሥራ ስገባ፣ ባልደረቦቼ ምንም እንዳልሸተታቸው ሆነው ወንበራቸውን ፈቀቅ ያደርጋሉ።

በክረምት ፈረስ እንዲወልድ የሚፈልግ አርቢ የለም። ጭቃውና ብርዱ ለውርንጭላ አይሆንም። ነገር ግን በዚያ ዓመት ሁለቱም እናቶች ሐምሌ ላይ ደረሱ፤ ባለፈው ነሐሴ ድንጉላው ገመዱን በጥሶ አግኝቷቸው ነበር። አባቴ ጠዋት ማታ የሁለቱን ሆድ እየዳበሱ ድንጉላውን ሲራገሙት ይውሉ ነበር።

ቀድማ የወለደችው ዳማዋ ናት። ውርንጭላዋ ሴት ሆነች፣ መልኳም ቁርጥ እናቷን። ዳማዋ ከአያቴ ፈረሶች ዘር የቀረች የመጨረሻዋ ነበረች፤ አርጅታለችም። አባቴ ውርንጭላዋን በጆንያ እያሹ፣ «ይች ካደገችልኝ የአባቴ ዘር ቀጠለ ማለት ነው። ካላደገች በረቱን እዘጋለሁ» አሉ። ቀልዳቸውን እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀናል።

ዳማዋ ከወለደች በኋላ ጉልበት ከዳት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት በረቱን ስንከፍት ሞታ አገኘናት። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ደግሞ ቡላዋ አማጠችና የሞተ ወለደች። እንግዲህ እናት የሌላት ውርንጭላና ጡቷ በወተት የተወጠረ፣ ልጅ የሌላት እናት አንድ በረት ውስጥ ቆሙ።

ፈረስ የሌላዋን ልጅ አታጠባም፤ የራሷን የምትለየው በጠረኑ ነው። አባቴ የሞተውን ውርንጭላ ቆዳ ገፍፈው በሕይወት ያለችውን ሊያለብሷት አሰቡ። ፈረስ መግፈፍ በእኛ አገር ነውር ነው። ስለዚህ ሰው እንዳያያቸው ከበረቱ ጀርባ ዞረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገፈፉት። ቆዳውን ድንጋይ ላይ ዘረጉና ዳማዋን ጎትተው የሚቀብሩላቸው ጎረቤቶች ሊጠሩ ሄዱ። እኔ በረት ውስጥ ውርንጭላዋን አሞቅ ነበር።

እናቴ ከማድ ቤት ስትወጣ ቆዳውን ካፊያ ሲመታው አየች። ለምን እንደተገፈፈ ማንም ሳይነግራት ገባት። ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ቆዳው ጨው ተነስንሶበት፣ ደርቆ፣ ገለባ ተጠቅጥቆበት ፊቷ ይቆምላታል፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች። እናቴ ይህን ስንት ጊዜ አድርጋዋለች። የፈረስ ቆዳ መንካት እየቀፈፋት፣ ባሏን ላግዝ ብላ ጨውና አመድ በደንብ አሸችበትና ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ ውስጥ ሰቀለችው።

አባቴ ሲመለሱ ቆዳውን አወረዱት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፤ የጨውና የጢስ እንጂ የውርንጭላው ጠረን አልነበረውም። ለእናቴ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ወደ በረት ይዘውት መጡና ውርንጭላዋ ጀርባ ላይ አሰርነው። ቡላዋ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቀረበች፣ ከጅራቱ ጀምራ አሸተተች። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ረገጠቻት።

ያላደረግነው የለም። የቡላዋን የራሷን ወተት አልበን ውርንጭላዋን ቀባናት። የቡላዋን አንድ እግር አንሥተን ይዘን ልናስጠባት ሞከርን፤ ነክሳ አባረረቻት። ቡላዋ ከዚያ ወዲያ አልታለብም ስላለች፣ የላም ወተት በውሃ አቅጥነን በጡጦ ብንሰጣት አስቀመጣት። ውርንጭላዋ ግን እየተረገጠችም ተመልሳ ወደ ቡላዋ ትሄድ ነበር። እሱን ማየት አልቻልሁም፤ ወጥቼ ዝናብ ላይ ቆሜ አለቀስሁ። ሳምንቱን ሳትጨርስ ሞተች።

እናቴ ምን እንደነካት ጠየቀች። አባቴ ወደ እኔ አንድ ጊዜ አዩና፣ «ሲጀመርም ደካማ ነበረች። የሚያድናት አልነበረም» አሏት። እኔም ዝም አልሁ። በጠባያቸው አስቸጋሪ ሰው ናቸው፣ ግን ያን ዕለት የወደድኋቸውን ያህል ወድጃቸው አላውቅም።

መስከረም ሲጠባ ቡላዋንና ድንጉላውን ሸጡ። በረቱ የማገዶ ማስቀመጫ ሆነ። ስለዚያ ቆዳ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ እናቴም አላለችም፣ እኛም የረሳችው መሰለን።

በዓመቱ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በግ አረድን። ካፊያ ነበር። እናቴ በአንድ እጇ ቆዳውን፣ በሌላው የጨው ጣሳውን ይዛ አባቴ ከተቀመጡበት መደብ ፊት ለፊት መጥታ ቆመች። ሌላ ጊዜ ስለ በግ ቆዳ ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

«ይችንስ ጨው ላድርግባት?» አለቻቸው።

ዓመቱን ሙሉ ታውቅ ኖሯል። አባቴ ቀና ብለው አላዩአትም፤ ዓይናቸው ማገዶ ወደሞላው በረት ሄደ።

«አድርጊባት» አሉ። «ከእንግዲህ የሚያሸታት የለም።»

እናቴ ቆዳውን ደጃፉ ላይ ዘረጋችና ተንበርክካ ጨውን መነስነስ ጀመረች።