የልምምዱ ተጎጂ

ውዴ የጉና ልጅ ናት። ገብስና ድንች በልታ፣ ውርጭ እየቆረጠማት ያደገች፣ ውኃ ሲባል ከእንስራዋ ውጭ የማታውቅ ሴት ነበረች። ለፎገራ ሜዳ ሰው የዳሯት ዕለት እናቷ «ልጄን ለውኃ ሰጠኋት» ብለው አለቀሱ ይባላል። አልተሳሳቱም። ባሏ ያመጣት ጎጥ በበጋ እንደማንኛውም አገር ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ግን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ይውጠውና ጎጡ ጉብታው ላይ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ገበያውም፣ ለቅሶውም በታንኳ ነው። ባሏ ሲሞት ወደ ጉና አልተመለሰችም። ለምን ሲሏት «ብርዱን ረስቼዋለሁ» ትላለች።

በሚሊኒየሙ ማግስት ከደብረ ታቦር ሰሎሞን የሚባል ወጣት ባለሙያ መጣ። ጎጡ «አነስተኛ ደሴት» ተብሎ መመረጡን፣ አደጋን የመቋቋም አቅሙም እንደሚገነባለት አበሰረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ደሴት መሆኑን እስከዚያች ቀን የነገረው አልነበረም።

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። የማስጠንቀቂያ ኮሚቴ፣ የነፍስ አድን ኮሚቴ፣ የመጠለያ ኮሚቴ፣ እነዚህን የሚከታተል ሌላ ኮሚቴ። የጎጡ ሊቀ መንበር አያ እሸቴ የሁሉም ሰብሳቢ ሆነ። ከጎርፍ የማዳን ልምምዱ ሊጀመር ሲል ግን ጉድ ፈላ፤ አዳኝ ሞልቶ የሚድን ሰው ጠፋ።

«ተጎጂ ያስፈልገናል» አለ ሰሎሞን።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የአያ እሸቴ ዓይን የትኛውም ኮሚቴ ውስጥ ያልገባችው ውዴ ላይ አረፈ።

«እታለም፣ አንቺ ሁኚ።»

«እኔ ምን ሆኜ? ይኸው እንደ በሬ ጠንክሬ!»

«ለአገር ነው።»

ለአገር ከሆነ ብላ ጭቃው ላይ ተኛች። የመጀመሪያ ቀን ሳቋ አምልጧት ልምምዱን አበላሸች። በሁለተኛው ባሏ ትዝ አላትና ከልቧ አለቀሰች፤ ልምምዱን ሊያዩ ከከተማ የመጡት እንግዶችም አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! እንግዳ በመጣ ቁጥር «ውዴ ትጠራ» ሆነ። ነጠላዋን ታውለበልባለች፣ ሚካኤልን ትጣራለች፣ ካሜራው መነሳቱን በጎን አይታ ቃሬዛው ላይ ትዝለፈለፋለች። እውነቱን ለመናገር ወደደችው። ሳትታመም አራት ጎረምሳ የሚሸከማት ሴት በአካባቢው ሌላ አልነበረችም።

አንድ ነሐሴ ላይ ለሐሙስ ልምምድ ተቀጠረ። ጎርፉ ቀጠሮ አላወቀም፤ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ጉና ላይ የወረደው ዝናብ ርብን ይዞ መጣ። የውዴ ቤት ከጉብታው ግርጌ ነበርና ግድግዳው ቀድሞ ሟሟ። ሣር ክዳኑ ላይ ወጥታ ጮኸች።

«የሰው ያለህ! ሚካኤል ድረስልኝ!»

አያ እሸቴ ታንኳ ይዞ ደረሰ። ቆም አለና በአድናቆት አያት።

«አየህ፣ ለሐሙስ እየተዘጋጀች ነው» አለው ቀዛፊውን። ከዚያም ወደ እሷ፣ «እታለም፣ ግሩም ነው! ነጠላውን ብቻ ከፍ! እኛ እውነተኛ ተጎጂ ጋ ደርሰን እንመጣለን!»

ታንኳው ዞረ። ከእግር ጥፍሯ የተነሳ ንዴት የውዴን ጉሮሮ ከፈተው።

«አንተ እሸቴ! ታንኳህ ይገልበጥና የዓሣ ሰብሳቢ ያድርግህ! ኮሚቴህ ይብላህ! እኔ ስሞት አንተ ታጨበጭባለህ?»

ቀዛፊው መቅዘፊያውን አቆመ።

«አያ እሸቴ፣ ስድቡ ልምምዱ ላይ አልነበረም።»

ይህን ጊዜ ገባቸው። ተመልሰው ገና እግሯን ታንኳው ላይ ከማሳረፏ ክዳኑ ከነጭሱ፣ ከነቁንጫው በውኃው ሄደ።

ውኃው ጎደል ሲል ለተጎጂዎች የሚታደል ሸራና ድስት መጣ። ውዴ ሰልፉ ጫፍ ስትደርስ ሰሎሞን ተቅለሰለሰ።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ አምናም ተጎጂ ነበሩ። ፎቶዎ በየቢሮው ተሰቅሏል። ዘንድሮም ተጎዱ ብንል አቅም ገነባን ያልነው የት አለ ይሉናል።»

«ልጄ፣ አምና የተኛሁት ለእናንተ ብዬ ነው። ቤቴ የሄደው ለማን ብሎ ነው?»

ልጁ ክፉ አልነበረም። ሸራው ግን ከመኪናው አልወረደላትም። ጎረቤቷ ዓለሚቱ እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

መስከረም ጠባ፤ ጭቃው ጠጠረ። ሰው ደቦ ወጥቶ ለውዴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከፍታው ላይ፣ የድንጋይ መሠረት ያወጣላት ጀመር። በዚያው ቀን እንግዶች መጡና አያ እሸቴ እየሮጠ ደረሰ።

«እታለም፣ አታሳፍሪኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ተኝልኝ።»

«ሰው አንተም ነህ፤ ተኛ። ቃሬዛው አይለይም።»

አያ እሸቴ ተኛ። ግን ለቅሶ አያውቅበትምና «ኧረ ወገን» ባለ ቁጥር እንግዶቹ ሳቁ። በኋላ ተሰላችተው ወደ ደቦው ወጡ። ሰሎሞን ኮቱን አውልቆ ድንጋይ ተሸከመ፣ ፎቶም ተነሳ። ያ ደቦ በሪፖርቱ ላይ «የሥልጠናው ፍሬ» ተብሎ ሰፈረ፤ አያቶቻቸውም ሳይሰለጥኑ ያንኑ ያደርጉ እንደነበር የጠየቀ የለም።

የሚቀጥለው ሐምሌ ውኃው እንደ ልማዱ መጣ፤ የውዴ ቤት ደረቅ ነበር። ደረቅ መሆኑ የታወቀ ዕለት ዓለሚቱ ከነልጆቿ፣ የሌላው ጎታ፣ የሌላዋ ዶሮ፣ የአያ እሸቴ አልጋ ሳይቀር ገባ። ውዴ ጎኗን የምታሳርፍበት ስታጣ በሩ ላይ ቆማ ተጣራች።

«ኧረ የመጠለያ ኮሚቴ የት ሄደ?»

«እዚህ ነን!» አሉ ከውስጥ።