በጣሳ ስንዴ የሸጥናት ልጅ ልደት

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። አዳማ ሴት ልጄ ዘንድ ሁለት ወር ከከረምኩ እግሬን ያሳክከኛል፤ ሞጆ ወንድ ልጄ ጋ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ዝዋይ እህቴ ዘንድ ዓሣ ልብላ ብዬ እነሳለሁ። ልጆቼ "እማዬ፣ ሻንጣሽ ካንቺ ቀድሞ ይነሳል" እያሉ ይስቁብኛል። ሻንጣም የለኝ፣ ፌስታል ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደሉን ያወቅሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ስለዚህ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሱኝ። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ልጅ ልጄ አራተኛ ዓመት ልደት ነው። እሱን ለመናገር ግን ከፊቱ ያለውን መናገር አለብኝ።

የአዳማዋ ልጄ ሁለት ልጅ ቀብራለች። የመጀመሪያው ክርስትና ሳይነሳ ነው የሄደው። ሁለተኛዋ ሰባት ወሯ ነበር፤ መቀመጥ ጀምራለች፣ ትራስ ደግፈንላት ዘንበል ስትል ራሷ ትስቅ ነበር። አንድ ሳምንት አተኮሳትና አበቃ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ነግረውናል፤ የኔ ጆሮ ግን አልያዘውም። ልጄ ከዚያ በኋላ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ሆነች። ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ የሰፊዎቹ አለቃ ናት። ባሏ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ዕድሜው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው።

ሦስተኛዋ ስትወለድ ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ባደግሁበት አገር ልጅ አልቆምላት ያላት ሴት፣ የወለደችውን ልጅ ለበረከተላት ሴት ትሸጣለች። የውሸት ሽያጭ ነው። ሞት ሲመጣ "እዚህ ቤት ልጅ የለም፣ የሰው ልጅ ነው የምናሳድገው" እንዲባል ነው። ግቢያችን ውስጥ ከኛ ፊት ለፊት አንዲት የአርሲ ሴት አለች፤ ሙስሊም ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ አምስት ወልዳ አምስቱንም አሳድጋለች። ሄጄ ለመንኳት። በማግስቱ አንድ ጣሳ ስንዴ ይዛ መጣች። እኔ ሕፃኗን በመስኮት አቀበልኳት፣ እሷ ስንዴውን በመስኮት አቀበለችኝ። ከዚያ ዞራ በበሩ ገባችና "ልጄን አሳድጊልኝ" ብላ ለልጄ ሰጠቻት።

ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ታየናለች። ተምራለች፣ እንዲህ ያለ ነገር አታምንም። ግን አልተከራከረችም። "እንዳልሽ አድርጊው እማዬ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ሕጉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ የመጀመሪያ ጥርሷ እስኪነቀል ድረስ የወለደቻት "ልጄ" ብላ አትጠራትም። ልጅቷ ጎረቤታችንን "እማ" ትላለች፣ የወለደቻትን "እትዬ"። አባቷንም "ጋሼ"። ጡት እየጠባች አፏን ስትፈታ ቀና ብላ "እትዬ" አለች። እኔ እልል አልኩ። ልጄ ያን ለታ ምን እንደመሰለች አላየሁም፤ ልጅቷን ነበር የማየው።

አደገች። በአዳማ አቧራና ነፋስ የሰው ልጅ ሁሉ ሲያስል እሷ አታስልም። ዝዋይ ሄጄ ለእህቴ፣ ሞጆ ሄጄ ለምራቴ "ይኸው፣ ምን ብያችሁ ነበር!" እላለሁ።

ልደቷ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከዝዋይ ስመለስ ቤቱ በሰማያዊ ወረቀት ተሞልቶ አገኘሁት። ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ዓሣ በመቀስ ትቆርጣለች።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ?"

"ልደቷ ነው። ዘንድሮ በባህር ነው የማደርገው።"

"ሶደሬ ልትወስጃት ነው?"

"እማዬ ደግሞ! ሶደሬ ባህር ነው እንዴ? ቤቱን ባህር አስመስለዋለሁ ማለቴ ነው።" ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። መጋረጃው ሰማያዊ፣ ፊኛው ሰማያዊ፣ ኬኩ ሳይቀር ሰማያዊ። መሀል ላይ አንዲት ልጅ አለች፤ ከወገቧ በላይ ሰው፣ ከወገቧ በታች ዓሣ። "እሷ ደግሞ ይቺን ትሆናለች።"

"ዝዋይ እንዲህ ያለ ዓሣ ቢወጣ አጥማጁ ጀልባውን ጥሎ ነው የሚሮጠው" አልኳት። ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነበርና እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ግን ከወረቀቱ ሥር የተጠቀለለ ረጅም ጨርቅ አየሁ። በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ ልጄ፣ እንኳን፣ ተወለድሽልኝ። እናትሽ።

አራት ዓመት ከሞት የደበቅነውን ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው።

"ይሄን አትስቀዪው" አልኳት።

"ለምን?"

"ታውቂዋለሽ። ጥርሷ እስኪነቀል ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው። ኬኩንም ቁረሺ፣ ፊኛውንም ንፊ፣ ይሄን ብቻ ተዪው።"

መቀሱን አስቀመጠች። "እማዬ፣ ባለፈው ለክትባት ይዣት ሄድኩ። መርፌውን ስትወጋ 'እትዬ፣ ያማል' ብላ አለቀሰች። ነርሷ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'እናትየዋ የት ሄዳ ነው አንቺን የላከችሽ?' አለችኝ። ሠራተኛዋ መስያት ነው። እኔስ ምን አልኩ?"

"ምን አልሽ?"

"'ሥራ ላይ ናት' አልኩ። ያንቺን ሕግ ላለማፍረስ።" ድምፅዋ አልተነሳም፤ ቢነሳ ይሻለኝ ነበር። "ሁለቱን ስቀብር እናት ነበርኩ። ሰውም እናት ብሎ ነው ያለቀሰልኝ። ይቺ በሕይወት አለች። እኔ ለዚች ምኗ ነኝ?"

ሁሌ ሲጨንቀኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ፌስታሌን አንጠልጥዬ መናኸሪያ ወረድኩ። ሞጆ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። መኪናው ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ነርሷ ትዝ አለችኝ፤ "እናትየዋ የት ሄዳ ነው።" ተነስቼ ወረድኩ። ትንሽ ቆይቼ ተመልሼ ገባሁ። ደግሞ ወረድኩ።

"እማማ፣ ይሄዳሉ ወይስ ወንበሩን እያሟሟቁልን ነው?" አለኝ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀብኝ። ወደ ቤት ተመለስኩ።

በቀጥታ ጎረቤታችን ዘንድ ገባሁ። የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ጨርቅ ትሰፋለች።

"አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ እማማ! ሞጆ ሄዱ ሲሉኝ?" ጨርቁን አንስታ አሳየችኝ። "ይሄን አይተዋል? ጅራት ነው። ያ ረቢ! ይሄን ያህል ዘመን ስሰፋ ለሰው ጅራት ሰፍቼ አላውቅም።"

አልሳቅሁም። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። "ገዢዋ አንቺ ነሽ" አልኳት፤ "እባክሽ አንቺ ንገሪያት፣ ጽሑፉን ትተው።"

እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች።

"እማማ፣ አይቀየሙኝ። እኔ ልጅ አልገዛሁም። በኛ ሃይማኖት እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የሚሰጥም የሚወስድም አንድ አላህ ነው። ያን ለታ እርስዎ እዚህ በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አላስቻለኝም። ለእርስዎ ብዬ ነው ጣሳውን የያዝኩት። እስከ ዛሬ ስሰግድ ይቅር በለኝ እላለሁ።"

"እና አታምኚበትም?"

"አላምንም። ልጅዎም አታምንም።" ጅራቱን በእጇ ዳሰስ አደረገችው። "ልጅቷ 'እማ' ስትለኝ ደስ አይለኝም አልልም። ይለኛል። ግን ልጅቷ የምትጠራኝ እናቷ በመስኮቷ እያየችኝ ነው። እሱን እርስዎ አያዩትም፤ እርስዎ ዝዋይ ነዎት፣ ሞጆ ነዎት።"

እንግዲህ ሕጉን ይዤ የቆምኩት ብቻዬን ኖሯል። ከአንዲት እናት አፍ "ልጄ" የሚለውን ቃል የነጠቅኩ እኔ ነኝ። ይሄን አወቅሁ፣ ፍርሃቴ ግን ለእውቀቴ አልታዘዘም። ሰባት ወሯ ሆና የሞተችው ልጅ ትራሱ ላይ ዘንበል ስትል ትታየኛለች።

ቢያንስ በወጉ ልፍታው አልኩ። የተሸጠች ልጅ የምትመለሰው በመጣችበት መንገድ ነው፤ ስንዴው በመስኮት ይመለሳል፣ ልጅቷ በገዢዋ እቅፍ በበሩ ትገባለች። ጎረቤታችን "ለእርስዎ ስል አንዴ አድርጌዋለሁ፣ ለእርስዎ ስል እፈታዋለሁ" አለችኝ።

የልደቱ ቀን እሁድ ነበር። ጠዋት ከቁም ሳጥኑ ሥር በነጠላ ጫፍ ቋጥሬ ያቆየሁትን የሽያጩን ስንዴ አወጣሁ። ልጄ ፊኛ እየነፋች ነበር።

"ምን ልታደርጊው ነው?"

"ልመልስላት። ልጅሽን ውሰጂ።"

ፊኛው ከአፏ አመለጠና እየጮኸ ቤቱን ዞረ።

ቋጠሮውን ስፈታው ስንዴው ነቅዟል። ነቀዙ በልቶት ገለባና ዱቄት ነው የቀረው። እንደዚያው ወደ ጣሳ ገለበጥኩና በመስኮት ለጎረቤታችን አቀበልኳት። "ለዶሮ ካልሆነ" አለች እያየችው።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ፤ አብዛኞቹ የፋብሪካ ጓደኞቿ፣ ከነልጆቻቸው። የቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ምድጃ ግሏል፤ ፊኛው በየመሀሉ ይፈነዳል፣ በፈነዳ ቁጥር አማትባለሁ። ጽሑፉ ከኬኩ በላይ ተሰቅሏል። ልጅቷ ጅራቷን ለብሳ ጎረቤታችን ቤት ናት፤ በዚያ ጅራት መራመድ አይቻልም፣ የግድ መታቀፍ አለባት። ለኔ ወግ የተመቸ ልብስ ነው።

ጎረቤታችን አቅፋት በበሩ ገባች። ልጄ ፊት ቆመችና "ልጅሽን እንቺ። እንኳን ተወለደችልሽ" አለቻት። እንግዶቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው እልል አሉ፣ አጨበጨቡ። ልጄ እጇን ዘረጋች።

ልጅቷ ግን የጎረቤታችንን አንገት ሙጭጭ አለች። "እማ! እማ! አልሄድም!"

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። አንዲት ሴት ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ፣ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፣ "ውይ፣ እናትየዋ ያቺኛዋ ናት እንዴ?" አለች።

"እኔ ነኝ" አለች ልጄ። "እናቷ እኔ ነኝ።" አራት ዓመት ሙሉ ያልተናገረችውን ሰው መሀል ተናገረችው። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ማን ሰማ ብዬ በሩን አየሁ።

ልጅቷን ተቀበለቻት። ጅራቱ ውስጥ ላብ በላብ ሆናለች። "እትዬ፣ ይሄን አውልቂልኝ።"

"እማዬ በይኝ፣ አወልቅልሻለሁ።"

ልጅቷ አሰብ አደረገች። በጣቷ ወደ ጎረቤታችን ጠቆመች። "እማ ያቺ ናት። አንቺ እትዬ ነሽ።"

ሁሉም ሳቀ። ልጄም አብራ ሳቀች፤ ፎቶው ላይ ስትስቅ ነው የምትታየው። ፎቶውን ያየ ሁሉ እንዴት ደስ ብሏታል ይላል። ከዚያ ፎቶ አንሺው ብርሃን ፈልጎ ውጭ አስወጣቸው። የአዳማ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ላብ ያራሳትን ልጅ ነፋስ ላይ አቁመው አነሷት። ግቡ ልል አፌን ከፈትኩና እንደገና ደስታዋን ልቀማት ነው ብዬ ዘጋሁት።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ አሳለች። ደረቅ ሳል ነው። ግንባሯን ስነካው ለብ ብሏል። ልጄ ሥራ ቀርታ አጠገቧ ተቀምጣለች። ግድግዳው ላይ ያሉት የወረቀት ዓሦች በሙጫቸው ተንጠልጥለዋል።

"ሐኪም ቤት እንውሰዳት" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

"እንወስዳታለን።" ተነሳች፣ ግን ወደ ልብሷ አልሄደችም። "እማዬ።"

"ወይ።"

"ስንዴውን ሁሉንም ነው የሰጠሻት?"

"ሁሉንም።"

"ትንሽ እንኳን አላስቀረሽም? አንድ እፍኝ?"

ዓይኗን አየሁት። የኔው ዓይን ነው። በዚያ በሽያጩ ቀን መስተዋት ቢኖረኝ አየው የነበረው ዓይን። ያቺ የማታምነዋ ልጄ በባዶ እግሯ ግቢውን አቋርጣ ወጣች፤ ተከተልኳት።

ጎረቤታችን በሯ ላይ ለዶሮዎቿ ፍርፋሪ ትበትናለች። ባዶው ጣሳ አጠገቧ ተደፍቷል። ልጄ ጣሳውን አየች።

"በሉት" አለች ጎረቤታችን፤ "ነቀዙን ሳይቀር።" ከዚያ የልጄን ፊት አየችና ድምፅዋ ተለወጠ። "ምን ሆነች?"

በዚህ መሀል ከቤታችን፣ ከተከፈተው መስኮት፣ የልጅቷ ድምፅ መጣ።

"እማ! ውሃ!"

ሁለቱም ዞሩ። ጎረቤታችን ሁለት እርምጃ ተራምዳለች፤ የአራት ዓመት ልማድ ነው። ሦስተኛውን ልትራመድ እግሯን አነሳችና መለሰችው። ልጄን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት።

"ሂጂ" አለቻት። "አንቺን ነው።"

ልጅቷ ማንን እንደጠራች እኔ አላውቅም። ልጄ ግን አልጠየቀችም፣ ሮጠች።

ሐኪሙ ጉንፋን ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። ሳሉ እስከዛሬ ጨርሶ አለቀቃትም። ልጄ አጠገቧ ተኝታ ትንፋሿን ታዳምጣለች። እኔ በዚያው ሳምንት ሞጆ ልሄድ ነበር፤ ምራቴም ትጠብቀኛለች። ፌስታሌን ፈታሁና ልብሴን ቁም ሳጥኑ ሥር፣ ስንዴው በነበረበት ቦታ አስቀመጥኩት።